የካሊፎርኒያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የሃይስኩል ትምህርትን የሚመዝኑበት መንገድ

ኢትዮጵያ ውስጥ የተማረ ወላጅ ዩኒቨርሲቲ መግባት ሲባል ቶሎ የሚታሰበው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው። በክፍሉ አንደኛ ሲወጣ የኖረ ልጅ እንኳ ፈተናው ካልቀናው ያለፉት ዓመታት ካርድ አያድነውም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በርክሌይንና ሎስ አንጀለስን ጨምሮ በርካታ ካምፓሶች ያሉት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በተለምዶ ዩሲ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በተላለፈው ውሳኔና በዓመቱ በተደረሰበት የፍርድ ቤት ስምምነት መሠረት ኤስኤቲም ሆነ ኤሲቲ የሚባሉትን አገር አቀፍ ፈተናዎች ውጤት ለመግቢያ አያይም። ስለዚህ ከአመልካቹ አጫጭር ጽሑፎችና ከሌሎች መረጃዎች ጋር ዋናውን ክብደት የሚሸከመው በሃይስኩል የተወሰደው ትምህርትና የተገኘው ውጤት ነው።

ብዙ ወላጆቻችን የማያስተውሉት የሃይስኩል ዲፕሎማና የዩኒቨርሲቲ ብቁነት የተለያዩ መሆናቸውን ይመስለኛል። የግዛቱ ሕግ ለምረቃ የሚጠይቀው ቢያንስ የሁለት ዓመት ሒሳብ ሲሆን ዩሲ ግን ሦስት ዓመት ይጠይቃል፣ አራት ቢሆን ደግሞ ይመርጣል። «ከኤ እስከ ጂ» የሚባለው መስፈርት በሙሉ ሲቆጠር የሁለት ዓመት ታሪክና ማኅበራዊ ሳይንስ፣ የአራት ዓመት እንግሊዝኛ፣ የሦስት ዓመት ሒሳብ፣ የሁለት ዓመት ሳይንስ፣ የሁለት ዓመት ሌላ ቋንቋ፣ የአንድ ዓመት ሥነ ጥበብና የአንድ ዓመት ተመራጭ ትምህርት፣ በድምሩ 15 የዓመት ትምህርቶች ነው። ከእነዚህ 11ዱ የ12ኛ ክፍል ትምህርት ከመጀመሩ በፊት መጠናቀቅ አለባቸው፤ ሁሉም ሲ ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልጋቸዋል። ልጁ ሁሉን ትምህርት አልፎ፣ ጋውን ለብሶ፣ ቤተሰቡም ድግስ ደግሶለት፣ ለዩሲ ግን ብቁ ሳይሆን ሊገኝ ይችላል።

ከዚህም በላይ ትምህርቱ በዩሲ የጸደቀ መሆን አለበት። እያንዳንዱ ሃይስኩል የጸደቁለት ትምህርቶች ዝርዝር አለው፤ ዝርዝሩም በኢንተርኔት ላይ ለማንም ክፍት ነው። በዝርዝሩ ውስጥ የሌለ የሒሳብ ክፍል ኤ ቢገኝበትም ለዚህ መስፈርት አይቆጠርም። ከወላጆች ስብሰባ በፊት የልጁን የትምህርት ምዝገባ ከዚህ ዝርዝር ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት፣ «ልጄ እንዴት ነው?» ብሎ ካውንስለሩን፣ ማለትም የትምህርት ቤቱን አማካሪ፣ ከመጠየቅ ይልቅ ብዙ ያሳያል።

በቅርቡ ከአገር ቤት ለመጡ ልጆች ሦስት ነገሮችን ልጨምር። ለእንግሊዝኛ ጀማሪዎች ከሚሰጡት ትምህርቶች ለአራቱ ዓመት እንግሊዝኛ ሊቆጠር የሚችለው ቢበዛ አንድ ዓመት ነው፤ ስለዚህ ልጁ እዚያ ክፍል ውስጥ ለዓመታት እንዳይቆይ መከታተል ያስፈልጋል። በተቃራኒው፣ በአማርኛ ወይም በሌላ የአገራችን ቋንቋ በመደበኛ ትምህርት የተማረ ልጅ የሌላ ቋንቋውን መስፈርት ስፓኒሽ ሳይማር ሊያሟላ ይችላልና ይህንን ካውንስለሩን መጠየቅ ይገባል። አገር ቤት የተማረባቸውን ዓመታት ውጤት ደግሞ በማመልከቻው ላይ በትራንስክሪፕቱ እንዳለ ያስገባል እንጂ 85ን «ቢ ነው» እያለ በራሱ አይለውጥም።

አማካይ ውጤቱ የሚሰላው ከ9ኛ ክፍል ማብቂያ ክረምት እስከ 11ኛ ክፍል ማብቂያ ክረምት በተወሰዱ የ«ከኤ እስከ ጂ» ትምህርቶች ብቻ ነው። ኤ 4፣ ቢ 3፣ ሲ 2 ነጥብ ሲይዙ ፕላስና ማይነስ አይታዩም፤ ኤ ማይነስም ያው ኤ ነው። አንድ ተማሪ በ20 የሴሚስተር ውጤቶች 10 ኤ፣ 8 ቢና 2 ሲ ቢኖሩት ድምሩ 68፣ አማካዩም 3.4 ይሆናል። ከእነዚህ ስድስቱ የኤፒ፣ ማለትም በኮሌጅ ደረጃ የሚሰጡ፣ ትምህርቶች ከሆኑ በያንዳንዳቸው አንድ ነጥብ ይጨመርለትና 3.7 ይደርሳል። ጭማሪው ቢበዛ ለስምንት ሴሚስተር ነው፤ ከ10ኛ ክፍል ሊመጣ የሚችለውም ከአራት አይበልጥም። ስለዚህ ልጅን በኤፒ ብዛት ማስጨነቅ ከስሌቱ አንጻር ወሰን አለው።

የ9ኛ ክፍል ውጤት ወደዚህ ስሌት ባይገባም ዲ የተገኘበት ትምህርት መስፈርቱን አያሟላም። ደግሞ መውሰድ አንዱ መንገድ ነው፤ በሒሳብና በቋንቋ ግን ከፍ ያለው ደረጃ ዝቅ ያለውን ስለሚሸፍን፣ አልጀብራ 2ን በሲ ወይም በተሻለ ውጤት የጨረሰ ተማሪ የአልጀብራ 1 ዲው ሊታለፍለት ይችላል።

ለካሊፎርኒያ ነዋሪ ዝቅተኛው የዩሲ አማካይ 3.0 ነው፤ ለበርክሌይ ወይም ለሎስ አንጀለስ ግን በዚህ መተማመን አይቻልም። ሌላው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ሥርዓት፣ ካል ስቴት፣ ተመሳሳይ 15 ትምህርቶችን እየጠየቀ በ2.5 ብቁ ያደርጋል፤ ለብዙ ቤተሰቦቻችን በወጪም በርቀትም የሚቀርበው እርሱ ይመስለኛል።

የ12ኛ ክፍል ውጤት ከአማካዩ ውጭ ስለሆነ ልጆች በጸደይ መዘናጋት ይወዳሉ። በማመልከቻው ጊዜ ዩሲ ትራንስክሪፕት ሳይሆን ተማሪው ራሱ የሞላውን ነው የሚቀበለው፤ ሆኖም ቅበላው ቅድመ ሁኔታ ያለበት ነው፤ የመጨረሻው ኦፊሴላዊ ትራንስክሪፕት እስከ ጁላይ 1 መድረስ አለበት። በእርሱ ላይ ዲ ወይም ኤፍ ከታየ፣ ወይም ተማሪው የሞላው ከትራንስክሪፕቱ ጋር ካልገጠመ፣ ካምፓሱ ቅበላውን ሊሰርዝ ይችላል።