ሁለተኛው እኩልዮሽ

ትናንት ማታ ደሴ ከተማ ውስጥ የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ ይህን ይዩልኝ» ብላ ደብተሯን አቀረበችልኝ። ጥያቄው (5፣ 2) የተባለው ነጥብ፣ ማለትም ኤክስ 5 ዋይ ደግሞ 2 ሲሆኑ፣ «ኤክስ ሲደመር ዋይ እኩል ይሆናል 7» እና «2 ኤክስ ሲቀነስ ዋይ እኩል ይሆናል 5» ለሚሉት ሁለት እኩልዮሾች የጋራ መፍትሔ መሆን አለመሆኑን እንድታረጋግጥ የሚያዝ ነበር። 5 እና 2 ተደምረው 7 ስለሰጧት፣ ወደ ሁለተኛው ሳትሻገር በቀይ እስክሪብቶ የትክክል ምልክት አድርጋበታለች፤ ምልክቱም ሁለተኛውን እኩልዮሽ በከፊል ሸፍኖት ነበር። እንድትሞክረው ስነግራት 10 ሲቀነስ 2 ሆኖ 8 ወጣ፤ 5 አልሆነም። አንዱ ብቻ አለመስማማቱ ነጥቡን ውድቅ ለማድረግ በቂ ነው። መፍታትን አብዝተን እናስተምራለን፤ ማረጋገጥን ግን፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ቸኩለን እናልፈዋለን። የመጀመሪያውን እኩልዮሽ የሚያሟሉ ነጥቦች ስፍር ቁጥር የላቸውም፤ ሁለቱንም እኩልዮሾች የሚያሟላው ነጥብ ግን (4፣ 3) ብቻ ነው።