የሚፈልገው ልጁ ብቻ አይደለም

የምኖረው ሚኒሶታ ነው። በትርፍ ጊዜዬ በጉዲፈቻ ከኢትዮጵያ ለመጡ ወጣቶች በስልክ አስተረጉማለሁ። ከእነርሱ አንዷ፣ ወላይታ የተወለደች ወጣት፣ «እኔን ማወቅ ከፈለግሽ ራንዳልን ተመልከቺ» ብላኝ ነው «ዚስ ኢዝ አስ» የተባለውን ተከታታይ ድራማ የጀመርኩት። በኤንቢሲ ቴሌቪዥን ከ2016 እስከ 2022 እ.ኤ.አ. የተላለፈ ነው። እኔ ዘግይቼ ደረስኩበት፤ ከደረስኩበት በኋላ ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

ራንዳል በተወለደበት ቀን ፒትስበርግ ውስጥ እሳት አደጋ ጣቢያ በር ላይ የተተወ ጥቁር ሕፃን ነው። በዚያው ቀን ከሦስት መንታዎቻቸው አንዱ የሞተባቸው ነጭ ባልና ሚስት ወስደው ያሳድጉታል። ፍቅር አልጎደለበትም። ሆኖም በልጅነቱ ያገኛቸውን ጥቁር ሰዎች በማስታወሻ ደብተር እየመዘገበ ይቆጥራል። መዋኛ ገንዳ ዳር አንዲት ጥቁር እናት የልጁን ፀጉር የሚያውቅበት ሰው ማስተካከል እንዳለበት ለአሳዳጊ እናቱ ለሬቤካ ስትነግራት፣ ሬቤካ መጀመሪያ ትከፋለች። እዚህም ሹሩባ የሚሠራላቸው ሰው ፍለጋ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ እኛ የሚመጡ ነጭ እናቶች ስላሉ፣ ያ ክፍል ለእኔ ልብ ወለድ አልነበረም።

ሆዴን ያባባው ግን ሌላ ነው። ሬቤካ የልጁን ወላጅ አባት ዊልያምን ታውቀው ነበር። ልጁን ልየው ብሎ ለምኗታል፤ ከልክላዋለች። ራንዳል በ36ኛ ዓመት የልደት ቀኑ ፊላደልፊያ ሄዶ የአባቱን በር ሲያንኳኳ አባትየው በካንሰር ሊሞት ጥቂት ጊዜ ቀርቶታል። ወላጅ እናቱም ሲወለድ እንደሞተች ቢነገረውም ለብዙ ዓመታት በሕይወት እንደነበረች የሚያውቀው ከሞተች በኋላ ነው። ሰዎች ስለዚህ ድራማ ሲያወሩ ልጁ ማንነቱን እንደፈለገ ይናገራሉ። እኔ ዊልያምን አየሁት። ልጁ በሕይወት እንዳለ እያወቀ አድራሻ የተነፈገ አባት!

ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ ወደ አሜሪካ ብቻ ከ15,000 በላይ የኢትዮጵያ ልጆች በጉዲፈቻ መጥተዋል። በ2010 ዓ.ም. ፓርላማው የውጭ አገር ጉዲፈቻን ዘጋ። ከመዘጋቱ በፊት ከወላይታ፣ ከሐዲያና ከከምባታ ብዙ ልጆች ሄደዋል፤ ከሰጧቸው ወላጆች መካከልም ልጁ ተምሮ ይመለሳል፣ ደብዳቤ ይጽፋል ብለው ያመኑ ነበሩ። የወጣቷ ሰነድ እናትና አባቷ ሞተዋል ይላል። እናቷ ግን በሕይወት አሉ።

በስልክ ያገናኘናቸው ዕለት እናትየዋ በወላይትኛ ይናገራሉ፣ የወንድማቸው ልጅ ወደ አማርኛ ይመልሳል፣ እኔ ወደ እንግሊዝኛ። መጀመሪያ የጠየቁት ስለ አሜሪካ አልነበረም። «ትከሻዋ ላይ ያለው ጠባሳ ያሳክካታል?» አሉ። በሕፃንነቷ ምድጃ ላይ ወድቃ ነው። ልጅቷ ያን ጠባሳ ዕድሜዋን ሙሉ ስታየው ከየት እንደመጣ የሚነግራት አላገኘችም። ለረጅም ጊዜ መናገር አቃታት። እናትየዋ መስመሩ የተቋረጠ መስሏቸው ስሟን ደጋግመው ጠሩ፤ እኛ የማናውቀውን፣ ሰነዱ ላይ የሌለውን ስሟን።

ሌላም ነገር ሰማሁ። አሳዳጊዎች ልጁ 18 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ስለ አስተዳደጉ ወደ ኢትዮጵያ ሪፖርት እንዲልኩ ይጠበቅባቸው ነበር። የእርሷ አሳዳጊዎች ከነፎቶግራፉ ልከዋል፣ ቅጂውንም አስቀምጠዋል። እናትየዋ አንዱንም አላዩም፤ እንዲህ ያለ ወረቀት መኖሩን እንኳን የሰሙት ከእኛ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ግንኙነት እንደሚቀጥል ይደነግጋል። ሕጉ እንዲህ እያለ አንዲት እናት ልጇ ቆማ መሄዷን፣ ጥርሷ መብቀሉን፣ ትምህርት ቤት መግባቷን ሳታውቅ መቅረቷ ያስቆጣኛል። ቁጣዬ ባሳደጓት ሰዎች ላይ አይደለም፤ ዛሬም የአውሮፕላን ትኬቷን የሚገዙላት እነርሱ ናቸው። ወረቀቱን በእጁ ይዞ ባላደረሰው ላይ ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምናለሁ። በአገር ቤት ልጅ የሰጠ ዘመድ ወይም ጎረቤት ካላችሁ ልጁ እስኪፈልግ አትጠብቁ። በጉዲፈቻ የተለያዩ ቤተሰቦችን የሚያፈላልግ «ቤተሰብ ፍለጋ» የሚባል ድርጅት አለ፤ ወላጆችም ራሳቸው መመዝገብ ይችላሉ። የልጁን ስም፣ የተሰጠበትን ዓመት፣ የነበረበትን ማሳደጊያ፣ የሚታወቅ ምልክት ካለውም እርሱን ጽፋችሁላቸው አስመዝግቧቸው። ብዙዎቹ ማንበብና መጻፍ አይችሉም፤ የእናንተን እጅ ይፈልጋሉ። ልጅቷ ለመስቀል ወደ ወላይታ ትሄዳለች፤ ወላይትኛና እንግሊዝኛ የሚችልና አብሯት የሚቆይ ሰው የምታውቁ ካላችሁም ንገሩኝ።