የተረኛው ስልክ

ነሐሴ 2013 በጦርነቱ ከቆቦና ከወልዲያ የተፈናቀለው ሕዝብ በመርሳ፣ በውጫሌና በሐይቅ በኩል ደሴ ሲገባ፣ ከሚመዘግቡት አንዷ ነበርኩ። ማደሪያው የትምህርት ቤት ክፍሎች ነበሩ። ከቆቦ ቆላ በስስ ነጠላ የወጣ ሰው ደሴ ላይ፣ ጦሳ ተራራ ሥር በክረምት ጭጋግ ሲያድር መጀመሪያ የሚጠይቀው ብርድ ልብስ ነው፤ እኛ ደግሞ የሚበቃ አልነበረንም። በእጄ ያለው ስልክ ቁጥሬ ብቻ ነበርና እሱን ለሁሉም ሰጠሁ።

ሌሊቱን ሙሉ ይደወል ጀመር። «ልጄን አተኮሰው»፣ «ዱቄቱ መቼ ይታደላል?»፣ «የባለቤቴ ስም ሌላ ትምህርት ቤት ተመዝግቦ ይሆን?» እንዳልዘጋው ደግሞ እህቴ ቆቦ ቀርታለች፤ የአካባቢው መስመር ተቋርጧል። ስልኩ በጮኸ ቁጥር እሷ ትሆናለች ብዬ ከእንቅልፌ እነሣለሁ።

በስድስተኛው ሳምንት አንዲት እናት ብርድ ልብስ ሊጠይቁ ለሦስተኛ ጊዜ መጡ። ቀና ሳልል «ቁጥርዎ ስንት ነው?» አልኋቸው። ዝም አሉ። ቀና ስል እግራቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ጭቃ ነው፤ የነጠላቸውን ጫፍ ጨብጠው ያዩኛል። «ልጄ፣ ባለፈው እኮ በስሜ ነበር የጠራሽኝ» አሉኝ። ይቅርታ ጠይቄ ወደ ክፍሎቹ ጓሮ ሄድሁ። ማልቀስ ነበረብኝ፤ ግን ምንም አልተሰማኝም። የፈራሁት ያንን ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 የሥራ መዛልን ሲገልጽ በሽታ አላለውም፤ በአግባቡ ካልተያዘ የሥራ ቦታ ጫና የሚመጣ ነገር ነው ያለው። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፦ አቅም መሟጠጥ፣ ከሥራው በልብ መራቅ፣ የምሠራው ፋይዳ የለውም ማለት። ሁለተኛው በዚያች ዕለት በአንደበቴ ወጥቷል። አለቃዬ ግን «አንቺ ጠንካራ ነሽ» እያለ ሌላ ሌሊት ይጨምርልኝ ነበር፤ እኔም እንደ ምስጋና እቀበለው ነበር።

አንድ ምሽት ሁላችንንም ሰብስበው እያንዳንዳችን ያየነውን ክፉ ነገር በተራ እንድንናገር አደረጉ። ለደግ አስበው ነው። አንዱ ወጣት ባልደረባችን ግን ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አጣ፤ ከሳምንት በኋላም ቀረ። ኋላ ስሠለጥን እንደተረዳሁት የመጀመሪያ የሥነ ልቦና እርዳታ የሚባለው ማየት፣ ማዳመጥና ከሚያስፈልገው እርዳታ ጋር ማገናኘት ነው እንጂ ያልፈለገን ሰው ማናዘዝ አይደለም።

ጥቅምት 2014 ደሴም ተያዘች፤ እኛም ተፈናቀልን። ስለዚያ ብዙ አልጽፍም።

ነሐሴ 2014 ቆቦ እንደገና ሲፈናቀል ዘጠኝ ሆነን ሥራ ሳንጀምር ተስማማን። ተራ ባለቁልፍ ስልክ ገዛን፤ ቁጥሩን በካርቶን ላይ ጽፈን በሩ ላይ ሰቀልነው። ስልኩ የማንም አይደለም፤ የተረኛው ነው። ጠዋትና ማታ 12 ሰዓት ላይ ቡና ተፈልቶ ይረከባል። አስረካቢው ሦስት ነገር ሳይናገር አይነሣም፦ ማን ታሟል? ለማን ምን ቃል ተገብቷል? ምን ሳይሠራ ቀርቷል? ይህ ደብተር ላይ ይጻፋል፤ ደብተሩም ወደ ቤት አይሄድም።

ተረኛ ባልሆንሁበት የመጀመሪያ ሌሊት ሦስት ጊዜ ተነሥቼ የራሴን ስልክ አየሁ። የከዳኋቸው መሰለኝ። ጠዋት ስመጣ አንዲት ወላድ ሌሊቱን ምጥ ይዟት፣ ተረኛው አምቡላንስ ጠርቶ በሰላም እንደተገላገለች ሰማሁ። ደስ አለኝ፤ ያለ እኔ መሆኑ ደግሞ በትንሹ ቆጠቆጠኝ። ያንን መቆጥቆጥ ማወቄ ጠቅሞኛል፤ ሌሊቱን ሁሉ ያነቃኝ የነበረው እርዳታው ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

ከድካሙ ይልቅ ያደቀቀኝ ገብቼ ያልፈጸምሁት ቃል ነው። «ነገ ይመጣል» ማለትን ከለከልን። «እስካሁን አልመጣም፤ ሲመጣ ራሴ እነግርዎታለሁ» እንላለን። ይቆጣሉ፤ ግን በማግስቱ ዓይናቸውን ማየት ይቻላል።

ሁለት ሁለት ሆነንም እርስ በርስ እንጠባበቅ ነበር። ወሎ ውስጥ «ደህና ነሽ?» ብሎ መጠየቅ ምንም አያወጣም፤ አንዷ «አልሐምዱሊላህ»፣ ሌላዋ «እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች፤ ያልቃል። ስለዚህ የምንጠይቀው «ማታ ስንት ሰዓት ተኛሽ? ምሳ ምን በላሽ?» ነው። ባልደረባዬ ሁለት ቀን ተከታታይ «ቡና» ብዬ ስመልስላት ደብተሩን ከእጄ ወስዳ ቤቴ ላከችኝ። ለመንቃት ጫት ይቅሙ የነበሩትም ሌሊቱን ቢያልፉትም የቀኑን እንቅልፍ አጥተው እንደሚብሱ የታየው በዚህ ጥያቄ ነው።

ያልተፈታም ነበር። አበል ሁለት ወር ሲዘገይ፣ ልጁን የሚያበላው ያጣን ሠራተኛ ተንፍስ፣ ዘና በል ማለት ነውር ነው። ያንን ቡና አይፈታውም፤ የሚፈታው ከፋዩ ነው።

አሁን ይህን ሥራ ለሚጀምሩ የምለምነው የተራውን ሰሌዳ ሲያወጡ ከሚያስፈልገው አንድ ሰው እንዲጨምሩ ነው። ቅሬ (የወሎ የቀብር ዕድር) ያለበት ሰው ቀብር አይቀርም፤ የራሱም ወገን ይፈናቀላል፣ ይታመማል። እኛ ዘጠኝ የሆንነው ለስምንት ሰው ሥራ ነበር፤ ዘጠነኛው ያልተጠራበት ሳምንት አላስታውስም።