የመገጣጠሚያ እንቅስቃሴዎችን ቆማችሁ ተማሯቸው

ፍሌክሽን፣ ኤክስቴንሽን፣ አብዳክሽን፣ አዳክሽን... አናቶሚ (የሰውነት አካላት አወቃቀር ትምህርት) የጀመረ ሰው ሁሉ እነዚህን ስሞች ወረቀት ላይ ደርድሮ ይሸመድዳል፣ ፈተና ላይ ደግሞ ይምታቱበታል። እኔ የምመክረው አንድ ነገር ነው። ደብተሩን ዝጉና ከመቀመጫችሁ ተነሱ።

መጀመሪያ መነሻውን ያዙ። ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፣ ወደ ፊት እዩ፣ እጆቻችሁ በጎናችሁ ይውረዱ፣ መዳፋችሁ ወደ ፊት ይዙር። አናቶሚካል ፖዚሽን የሚባለው ይሄ ነው። ስሞቹ በሙሉ የሚለኩት ከዚህ አቋቋም ነው፤ ሰውየው አልጋ ላይ ቢተኛም፣ ተዘቅዝቆ ቢቆምም የእንቅስቃሴው ስም አይቀየርም። ብዙ ተማሪ ግራ የሚገባው ይቺን ዘሎ ስለሚጀምር ነው።

አሁን ክርናችሁን እጠፉ፤ ፍሌክሽን ነው። ዘርጉት፤ ኤክስቴንሽን። ክንዳችሁን በጎን በኩል ከሰውነታችሁ አርቁ፤ አብዳክሽን። መልሱት፤ አዳክሽን። ጣቶች ላይ ግን መለኪያው የሰውነት መሀል መሆኑ ይቀርና የመሀል ጣት ይሆናል፤ እግር ላይ ደግሞ ሁለተኛው ጣት።

ክንዳችሁን በጎን እስከ ላይ ስታነሱት 180 ዲግሪ ገደማ ይሄዳል። ከዚህ ውስጥ የትከሻው መገጣጠሚያ ራሱ የሚሰጠው ወደ 120 ዲግሪ ብቻ ነው። ቀሪው 60 የሚመጣው ስካፑላ የሚባለው ጀርባ ላይ ያለው ጠፍጣፋ አጥንት ስለሚሽከረከር ነው። ትከሻው የታመመን ሰው ፊዚዮቴራፒስት ከኋላው ቆሞ እጁን እንዲያነሳ የሚያደርገውም ይህን ለማየት ነው።

እኔ በጣም የምወደው ፕሮኔሽንና ሱፒኔሽን ነው። ክርናችሁን 90 ዲግሪ አጥፋችሁ ጎናችሁ ላይ አስጠጉት፤ ካላስጠጋችሁት ትከሻ ገብቶ ያግዛችኋል። መዳፋችሁን ወደ ላይ አዙሩ፤ ሱፒኔሽን። ወደ ታች፤ ፕሮኔሽን። የሚዞረው የእጅ አንጓ ይመስላል አይደል? ሥራው ያለው ከአንጓው በላይ ነው፤ መዳፋችሁ ወደ ታች ሲዞር ራዲየስ የሚባለው አጥንት አጠገቡ ባለው አልና በሚባለው አጥንት ላይ ተሻግሮ ይተኛል። ሌላኛውን እጃችሁን ባይሴፕስ (ከክርን በላይ በፊት በኩል ያለው ጡንቻ) ላይ አድርጋችሁ መዳፋችሁን በኃይል ወደ ላይ ብታዞሩ ጡንቻው ሲጠነክር ይሰማችኋል። ብዙ ሰው ክርን የሚያጥፍ ጡንቻ ብቻ አድርጎ ያውቀዋል እንጂ ባይሴፕስ ትልቅ አዟሪም ነው፤ በቀኝ እጅ ብሎን ስናጠብቅ የሚሠራው እሱ ነው።

ቁርጭምጭሚት ላይ የእግር ጫፍን ወደ ላይ መሳብ ዶርሲፍሌክሽን፣ ወደ ታች መግፋት ፕላንታር ፍሌክሽን ነው። ውስጥ እግርን ወደ መሀል ማዞር ኢንቨርሽን ይባላል፤ እግር ሲወለም አብዛኛውን ጊዜ በዚህ አቅጣጫ ስለሆነ የሚጎዱት በውጭ በኩል ያሉት ጅማቶች ናቸው።

ሰርከምዳክሽንን ለብቻው አትሸምድዱት። ፍሌክሽን፣ አብዳክሽን፣ ኤክስቴንሽንና አዳክሽን ተከታትለው ሲመጡ እጃችሁ ክብ ይሠራል፣ አለቀ።

አውራ ጣት ግን ትዕግስት ይፈልጋል። ከሌሎቹ ጣቶች አንጻር 90 ዲግሪ ያህል ዞሮ ስለተቀመጠ አቅጣጫዎቹም አብረውት ዞረዋል። እጃችሁን መዳፉ ወደ ላይ ሆኖ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። አውራ ጣታችሁን ወደ ጣሪያው ቀጥ አድርጋችሁ ብታነሱት አብዳክሽን ነው፤ በመዳፉ ላይ አጋድማችሁ ብትወስዱት ፍሌክሽን። ጫፉን ከትንሿ ጣት ጫፍ ጋር ስታገናኙት ደግሞ ኦፖዚሽን ይባላል፤ እስክሪብቶ የምንይዘው በእሱ ነው።