ዝናብን የማያውቅ ሞዴል

ሰሞኑን የማመሸው ከጨረራ ዳታ ጋር ነው። ለእናቴ በስልክ ስነግራት «ምን ነካሽ ልጄ፣ ሌላ የሚሠራ ጠፋ?» አለችኝ። ጨረራ ሲባል ሰው ቶሎ የሚታየው ቦምብ ነው፤ እኔ የማየው ግን ከድንጋይ፣ ከአፈርና ከሰማይ የሚመጣውን፣ ሁሌም አብሮን ያለውን ነው።

እዚህ ጀርመን የፌዴራሉ የጨረራ መከላከያ መሥሪያ ቤት በመላ አገሪቱ 1,700 ያህል መለኪያዎች አሉት። ከመሬት አንድ ሜትር ከፍ ብለው ቆመዋል፤ አላፊ አግዳሚው ልብም አይላቸው። የጋማ ጨረራው መጠን በየሰዓቱ ኢንተርኔት ላይ ይወጣል። የተፈጥሮው መጠን እንደየቦታው በሰዓት ከ0.05 እስከ 0.18 ማይክሮሲቨርት (የጨረራ መጠን መለኪያ) ገደማ ነው። የመረጥኩት ጣቢያ ጥቁር ደን በሚባለው ተራራማ አካባቢ ነው፣ እዚያ ግራናይት ስለሚበዛ ቁጥሩ ከሰሜኑ ሜዳ ከፍ ይላል።

ዳታውን አወረድኩና ለአሪማ ሰጠሁት። አሪማ ያው ቦክስና ጄንኪንስ በ1970 ያስፋፉት፣ መጪውን ካለፈው የሚገምት የቆየ ሞዴል ነው። ደረቅ ቀን ላይ ጎበዝ ነው። ነፋስ በሌለበት ሌሊት ከአፈር የሚወጣው ራዶን የተባለ ጨረራ አመንጪ ጋዝ መሬት አካባቢ ይጠራቀምና ማለዳ ላይ ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ፀሐይ ሲበረታ ይበተናል፤ ይህን የ24 ሰዓት ዑደት ወዲያው ያዘው።

ዝናብ ሲመጣ ጉድ ፈላ። ራዶን ሲፈራርስ የሚወልዳቸው ሊድ-214 እና ቢስመዝ-214 አየር ላይ ካለው ብናኝ ጋር ተጣብቀው ይቆያሉ፤ ዝናቡ አጥቦ መሬት ላይ ሲያወርዳቸው ግራፉ ቀጥ ብሎ ሽቅብ ይወጣል። ግማሽ ዕድሜያቸው (ግማሹ ፈራርሶ እስኪያልቅ የሚወስደው ጊዜ) 27 እና 20 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ ዝናቡ ካባራ ከሁለት ሦስት ሰዓት በኋላ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ሞዴሌ ታዲያ ቁጥሩ ከወጣ በኋላ ነው «ይወጣል» የሚለው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! የሚያናድደው ደግሞ ትንበያውንና ልኬቱን ደርባችሁ ስታዩ ልክክ ያሉ ይመስላሉ፤ ጠጋ ብላችሁ ካያችሁት ግን ትንበያው አንድ ሰዓት ወደ ኋላ የቀረ ቅጂ ነው። በእንዲህ ዓይነት ግራፍ ስንቱ ይሸወዳል መሰላችሁ።

«ዝናቡን ጨምሪበታ» ትሉኝ ይሆናል። ጨመርኩ፣ ተሻሻለም። ግን ዝናብ ሁሉ እኩል አይደለም። ከባሕር የመጣ አየር ራዶኑ ትንሽ ነው፣ የብስ ላይ የሰነበተው ብዙ ይዟል፤ ያው የዝናብ መጠን አንዴ ግራፉን ያዘልለዋል፣ አንዴ ንቅንቅም አያደርገው። በረዶ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነው። ከአፈር የሚወጣውን ጨረራ ይጋርድና ቁጥሩን አውርዶ እስኪቀልጥ እዚያው ያከርመዋል።

መቼም ነገ ስንት ይሆናል ብሎ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው የለም። የምፈልገው ያልተለመደ ነገር ሲመጣ እንዲለይልኝ ነው። በሚያዝያ 1986 የቼርኖቤልን አደጋ ምዕራቡ ዓለም ያወቀው ከሶቪየት መንግሥት አልነበረም፤ ስዊድን ውስጥ ፎርስማርክ በተባለው የኑክሌር ጣቢያ የአንድ ሠራተኛ ጫማ መቆጣጠሪያውን ስላስጮኸው ነው። ስለዚህ ቁጥሩ በዘለለ ቁጥር «ዝናብ ነው» ብሎ ማለፍ አይቻልም። ከቼርኖቤል የወጣውን ሲዚየም የተባለ ጨረራ አመንጪ ንጥረ ነገር በጀርመኗ ደቡብ ባቫሪያ መሬት ላይ ያወረደውም እኮ ዝናብ ነበር! የሲዚየም-137 ግማሽ ዕድሜ 30 ዓመት ገደማ ነው፤ እዚያ ያሉ የዱር እንጉዳዮችና የዱር አሳማዎች ላይ ዛሬም ይገኛል።

አሁን ዓይኔን ከከፍታው አንስቼ አወራረዱ ላይ አድርጌያለሁ። የራዶን ልጆች ከሆኑ ዝናቡ ካቆመ በኋላ በምን ፍጥነት መውረድ እንዳለበት ከፊዚክሱ ይታወቃል። በዚያ ፍጥነት ካልወረደ ያኔ ነው መደንገጥ። ችግሩ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከግማሽ በላይ ለሚወርድ ነገር የሰዓት ዳታ በጣም ሻካራ ነው፤ ግን ያለኝ እሱ ስለሆነ በእሱው እየሞከርኩ ነው።