ኦሞ፣ ኤሪያል እና የነጠላዬ ወጥ

እኛ ሰፈር ዱቄት ሳሙና ሁሉ ኦሞ ነው የሚባለው፣ ኤሪያልም ፈልጋችሁ ሱቅ ሄዳችሁ "ኦሞ ስጠኝ" ነው የምትሉት። ሰሞኑን ግን የምር ለየብቻ እያጠብኩ አወዳደርኳቸው። የኤሪያል ሽታ ኃይለኛ ነው፣ ልብሱ ደርቆ ቁምሳጥን ከገባ በኋላ እንኳን በሩን ስከፍተው ያውደኛል በጣም ነው የምወደው፣ ኦሞ ደሞ ለስለስ ያለ ሽታ ነው ያለው ግን የልጄን ዩኒፎርም ኮሌታ ሁለቴ ፈተግ ፈተግ ሳደርገው ያ ጥቁር መስመር ሙልጭ ብሎ ለቀቀ።

በኪሎ እየተመዘነ የሚሸጠውንም ሞከርኩት፣ አረፋው ከሳፋው ሞልቶ ይፈሳል ሽታውም አፍንጫ ይሰነፍጣል፣ የዶሮ ወጡ ቅባት ግን ነጠላዬ ላይ ቀይ ሆኖ ቀረ፣ አንጀቴ ነው ያረረው። አረፋ በዛ ማለት ጸዳ ማለት አይደለም እኮ! ደም፣ ወተት፣ እንቁላል ምናምን የሚያስለቅቁት ዱቄት ሳሙናው ውስጥ ያሉት ኢንዛይም የሚባሉት ቆሻሻ የሚሰባብሩ ንጥረ ነገሮች ናቸው፣ እነሱን ደሞ የፈላ ውሃ ይገድላቸዋል፣ ስለዚህ ለብ ባለ ውሃ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉት። በረኪና ግን ጥለት ያለው ልብስ ጋ እንዳታስጠጉ፣ ቀለሙን ይበላዋል።