ክረምት ሲወጣ ኪርስተንቦሽ

የኬፕታውን ክረምት ከእኛ ጋር ይገባል፣ ከእኛ ጋር ይወጣል። አብዛኛው ደቡብ አፍሪካ ዝናብ የሚያገኘው በታኅሣሥና በጥር ነው። ይቺ የደቡብ ምዕራብ ጥግ ግን ሰኔን፣ ሐምሌንና ነሐሴን በዝናብና በብርድ ታሳልፋለች። መስከረም ሲጠባ ሰማዩ ይጠራል። መሬቱ ገና እርጥብ ነው፣ ፀሐይዋ ግን በርትታለች። ያኔ አበባው ባንዴ ይፈነዳል። ለእንቁጣጣሽ ከአገር ውጭ መሆን ግድ ከሆነ እዚህ መሆን ይሻላል።

የሄድኩት ለስብሰባ ነበር። ከአዲስ አበባ ቀጥታ በረራ ስላለ ጉዞው አይከብድም። ስብሰባው እንዳለቀ ያክስቴ ልጅ ዘንድ ደወልኩ። ቤልቪል ሱቅ አለው፤ ሰፈሩ የሐበሻ ሱቅና ምግብ ቤት ሞልቶበታል። ኪርስተንቦሽ ወደሚባለው የዕፅዋት ማዕከል እንዲወስደኝ ስጠይቀው ዝም አለ።

«ስሙን እሰማለሁ፣ ሄጄ ግን አላውቅም» አለኝ። «እህቴ፣ ስደተኛ ምን መናፈሻ ያውቃል? ከሱቅ ቤት፣ ከቤት ሱቅ ነው።»

«እንግዲያው አብረን እናየዋለን» አልኩት። በማግስቱ እሑድ ነበር። ሚስቱ ከበዓሉ የተረፈውን ድፎ ዳቦ ቆርሳ ቋጠረችልን፣ ሁለቱን ልጆቻቸውን አስከተልን፣ ወጣን።

ኪርስተንቦሽ ብሔራዊ የዕፅዋት ማዕከል የሚገኘው በቴብል ማውንቴን ምሥራቃዊ ግርጌ ነው። 528 ሄክታር ይሰፋል፤ በሰው እጅ የተተከለውና የሚኮተኮተው 36 ሄክታር ብቻ ነው። የቀረው እስከ ተራራው አናት ድረስ የተፈጥሮ ቁጥቋጦና ደን ነው። ስንደርስ ጉም ተራራውን ሸፍኖታል። በታችኛው በር ገባን። በሩ ላይ የተቀበሉን ነጭ ፀጉር ያላቸው በጎ ፈቃደኛ አስጎብኚ ሰማዩን አየት አደረጉና «አትቸኩሉ፣ አበቦቹ ገና አልነቁም» አሉን።

እውነታቸውን ነበር። መስከረም ላይ ሰው ሁሉ የሚመጣው ናማኳላንድ ከሚባለው የሰሜን ምዕራብ በረሃማ አገር የመጡትን ዴዚ የሚባሉ አበቦች ሊያይ ነው። ዘራቸው የሚዘራው ዝናቡ ከመጀመሩ በፊት ነው፣ በነሐሴና በመስከረም ያብባሉ፣ ዘር ጥለው ይደርቃሉ። እነዚህ አበቦች ደመና ካለ አይከፈቱም። ጠዋት ብትመጡ የምታዩት የተጠቀለለ እንቡጥ የሞላበት አረንጓዴ መደብ ነው። ስለዚህ እስኪሞቅ ድረስ የመስታወቱን ቤት ጎበኘን። ውስጡ ከደረቁ የአገሪቱ ክፍሎች የመጡ ተክሎች አሉ፤ መሀል ላይ ባኦባብ ቆሟል። ልጆቹ ግንዱን እየዞሩ ከበቡት።

በእኛ አቆጣጠር አራት ሰዓት አለፍ ሲል ጉሙ ተገፈፈ። ወደ መደቦቹ ተመልሰን አንዱ አጠገብ ቁጢጥ አልኩ። እንቡጡ ሲታይ አይንቀሳቀስም። ዞር ብዬ ከልጆቹ ጋር ሁለት ቃል ተለዋውጬ ስመለስ ግን ቅጠሎቹ ላላ ብለዋል። ትንሽ ቆይቶ ብርቱካናማው አበባ ተዘረጋ፤ መሀሉ ጠቆር ያለ ክብ አለው። ቀረብ ብለው ሲያዩት ያ ክብ ራሱ በመቶ የሚቆጠሩ ጥቃቅን አበቦች ጥርቅም ነው። ከዳር ያሉት ፈክተው ቢጫ ብናኝ አውጥተዋል፣ መሀል ያሉት ገና ተዘግተዋል። ንብ ዳር ዳሩን እየዞረች ትለቅማለች። አደይ አበባም እንዲሁ ነው። አንድ የምንለው አበባ ብዙ አበባ ነው። ሁለቱም የአንድ ቤተሰብ ዕፅዋት ናቸው፤ ኑግና ሱፍም ከዚያው ወገን ናቸው። ጎጃም ወይም ወለጋ ላይ የኑግ ማሳ ያየ ሰው የናማኳላንድን ሜዳ ለመገመት አይቸገርም።

አስጎብኚው የነገሩን አንድ ብልሃት አለ። አበቦቹ ሁሉ ፊታቸውን ወደ ፀሐይ ያዞራሉ፤ በዚያ አገር ደግሞ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት። ስለዚህ ፀሐይን ከኋላችሁ አድርጋችሁ መቆም አለባችሁ። በተቃራኒው ከቆማችሁ የምታዩት ጀርባቸውን ነው፣ ፎቶውም ይበላሻል። እኛ ከመደቡ በስተሰሜን ስንቆም ብርቱካናማው፣ ቢጫው፣ ነጩና መሀል መሀሉን የገባው ሰማያዊ ባንዴ ፊት ለፊታችን ሆነ። ያክስቴ ልጅ ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ እየቀረጸ ለሚስቱ ላከላት። «አንቺ ሳትመጪ ቀረሽ» እያለ ያወራላታል።

ከዚያ ወደ ላይ ወጣን። መንገዱ በፐርሰን መቃብር በኩል ያልፋል። ሃሮልድ ፐርሰን ማዕከሉ በ1913 (እ.ኤ.አ.፣ ቀጥሎ ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) ሲመሠረት የመጀመሪያው ዳይሬክተር የሆነ እንግሊዛዊ ነው። ያለ ደመወዝ ነበር የሚሠራው። ቦታው ያኔ አረምና የተተወ እርሻ ነበር። እንግሊዛዊው ባለሀብትና የቅኝ ግዛት ፖለቲከኛ ሴሲል ሮድስ በ1895 ገዝቶት፣ በ1902 ሲሞት ለመንግሥት አውርሶታል። ፐርሰን ሥራውን በጀመረ በሦስተኛው ዓመት ሞተና እዚያው ተቀበረ። ድንጋዩ ላይ ሐውልቱን የሚፈልግ ዙሪያውን ይመልከት የሚል ጽሑፍ አለ። ቀና ብዬ ዙሪያዬን አየሁ። ከመቶ ዓመት በላይ የሰዎች ድካም ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የነካኝ ያኔ የተያዘው አቋም ነው። በዚያ ዘመን የዕፅዋት ማዕከል ማለት ከየዓለሙ የተሰበሰበ ብርቅ ተክል ማሳያ ነበር። ኪርስተንቦሽ የአገሩን ዕፅዋት ብቻ ለማብቀል ተነሣ። ከሮድስ ዘመን የቀሩ የካምፎር ዛፎች አሉ፣ ከእነሱና ከጥቂት አሮጌ ዛፎች በቀር የምታዩት ሁሉ የአገሩ ልጅ ነው። የኬፕ አካባቢ ብቻውን 9,000 ገደማ የዕፅዋት ዝርያ አለው፤ ከአሥሩ ሰባቱ ያህል ሌላ የትም አይገኙም። ዩኔስኮ አካባቢውን በ2004 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ይሄ ማዕከልም አብሮ ተመዘገበ። የእኛ አገር 6,000 ያህል ዝርያ አላት። ጉለሌ ላይ ያለው የዕፅዋት ማዕከልም ከባሕር ዛፉ መሀል ጥዱን፣ ወይራውንና ኮሶውን መልሶ ለማብዛት የሚለፋ ነው፤ የአዲስ አበባ ሰው መስከረም ላይ ልጆቹን ይዞ ቢወጣ ደስታዬ ነው።

ላይኛው ክፍል የፕሮቲያ ነው። ንጉሥ የሚባለው ፕሮቲያ የደቡብ አፍሪካ ብሔራዊ አበባ ነው፤ አንዱ ራስ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል። የደረስነው ግን በደንብ የፈኩት ሌሎቹ ላይ ነው። ፒንኩሽን ይሏቸዋል፤ ቀይና ብርቱካናማ ናቸው፣ መርፌ የተሰካበት ትራስ ይመስላሉ። ረጅም ጭራ ያላት ወፍ አንዱ ላይ ቆማ ምንቃሯን ወደ ውስጥ ትነክራለች። ራሷ ላይ የአበባው ብናኝ ቢጫ ሆኖ ተለጥፏል። ትልቁ ልጅ ትንፋሹን ይዞ ቆመ። ወፏ እኛን ከቁብም አልቆጠረችን።

ፕሮቲያ የደቡብ አፍሪካ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አንድ ዝርያ እኛም ጋ ይበቅላል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሰሜን ኢትዮጵያ ላይ አይቶት፣ ሥዕሉን በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ውስጥ አስገብቶታል። ሳይንሳዊ ስሙም ዛሬ ድረስ ፕሮቲያ ጋጉዲ ነው። አስታም እንዲሁ ነው። ሰሜን ተራራ ላይ የምናውቀው የአስታ ዛፍ ኬፕ አካባቢ ከ600 በላይ ዘመድ አለው፤ ኪርስተንቦሽ ለእነሱ ብቻ የተለየ ቦታ ሰጥቷቸዋል። ሮዝ፣ ነጭ፣ ቀይ ትንንሽ ደወሎች ያንጠለጠሉ ቁጥቋጦዎች ናቸው። ይሄን ላክስቴ ልጅ ስነግረው «ታዲያ እነዚህም ከእኛው ጋር ዘመድ ናቸዋ!» አለና ቅርንጫፉን ዳሰስ አደረገው።

ብርማውን ዛፍ ሳትነኩ እንዳታልፉ። በተፈጥሮ የሚበቅለው በአብዛኛው እዚሁ ኬፕታውን ተራሮች ላይ ነው። ቅጠሉን በጣት ሲያሹት እንደ ሐር ይለሰልሳል፤ የሚያብረቀርቀው የሸፈነው ጸጉር ነው። አየሩ ሲደርቅና ሲሞቅ ጸጉሩ ቅጠሉ ላይ ይተኛል፣ ውሃው እንዳይተን ይጋርደዋል፣ ብሩም ያኔ ይበልጥ ይደምቃል።

እነዚህ ቁጥቋጦዎች ከእሳት ጋር የኖሩ ናቸው። ብዙዎቹ ዘሮች ቃጠሎ ካላለፈባቸው አይበቅሉም። የአገሩ ሳይንቲስቶች በ1990 ገደማ የደረሱበት ግን ሙቀቱ ብቻ አይደለም፣ ጭሱም ዘሩን ይቀሰቅሰዋል። የኪርስተንቦሽ ባለሙያዎች ይሄን ይዘው ጭስ የጠጣ ወረቀት ሠሩ። ወረቀቱ ውሃ ውስጥ ይነከራል፣ ዘሩ በዚያ ውሃ ያድራል፣ ከዚያ ይዘራል። እሳት ሳይነሣ ዘሩ እሳት ያለፈ ይመስለዋል።

ከአበባው ወጣ ብሎ መታየት ያለበት አንድ አጥር አለ። የደች ሰፋሪዎች በ1660 በዱር ለውዝ ያጠሩት ነው። ያጠሩት የአገሬው ኮይኮይ ሕዝብ ከብቱን ይዞ ወደ ሰፈራቸው እንዳይገባ ነው። ዛፎቹ ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ቅርንጫፋቸው መሬት ላይ እየተኛ፣ ሥር እየሰደደ፣ እንደገና እየተነሣ 360 ዓመት አልፈዋል። መሬቱ የማን ነበር የሚለው ጥያቄ እዚያ ጋ በቅጠል ተጽፏል። ልጆቹን እዚያ አቁሜ ታሪኩን ነገርኳቸው። ትልቁ «ከብቶቹ ታዲያ የት ሄዱ?» አለኝ። ተርበው ውሃና ሣር ፍለጋ ርቀው እንደሄዱ ነገርኩት። ይሄ አጥር ባይነገር ጉብኝቱ ጎዶሎ ነው።

ሌላው ልብ የሚነካው ሳይካድ የሚባሉት ጥንታዊ ተክሎች መሀል ያለው የዉድ ሳይካድ ነው። በ1895 ዛሬ ክዋዙሉ-ናታል በሚባለው የደቡብ አፍሪካ ክፍል አንድ ብቻ ተገኘ፤ ወንድ ነው። ሴቷ እስከ ዛሬ አልተገኘችም። በዓለም ላይ ያሉት ሁሉ ከዚያ ከአንዱ ተክል የተወሰዱ ቀንበጦች ናቸው። ሌቦችም እነዚህን ተክሎች ይመኟቸዋል፤ በ2014 ከዚሁ ማዕከል ከ20 በላይ ሳይካዶች ተሰርቀዋል።

ድፎውን ሣሩ ላይ ተቀምጠን በላን። ምግብ ይዞ መግባት ይቻላል፣ እሳት ማንደድ ግን ክልክል ነው። ከበላን በኋላ ከዛፎቹ አናት በላይ በሚያልፈው ድልድይ ተራመድን። ቡምስላንግ ይባላል፣ የዛፍ እባብ ስም ነው። በ2014 የተከፈተ ሲሆን 130 ሜትር ይረዝማል። ሲረግጡት ትንሽ ይወዛወዛል፤ ከላይ ሆኖ ተራራውንና ሜዳውን ባንዴ ያሳያል። ዊልቸርም ያስኬዳል፣ አረጋውያንን ይዞ መሄድ ይቻላል።

ልትሄዱ ካሰባችሁ ማዕከሉ ዓመቱን ሙሉ፣ በየቀኑ ክፍት ነው። ከመስከረም እስከ መጋቢት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ይቆያል። ለዴዚዎቹ ጥርት ያለ ቀን ምረጡ፤ ከአራት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለው ጊዜ ጥሩ ነው። ከሰዓት በኋላ ተራራው ጥላውን ቶሎ ይጥላል፣ አበቦቹም ይዘጋሉ። በማዕከሉ በኩል ወደ ቴብል ማውንቴን የሚወጣ መንገድ አለ፤ ብቻችሁን አትውጡ፣ ዝርፊያ አጋጥሞ ያውቃልና በቡድን ሁኑ። ለማንዴላ ክብር የተሰየመችውን፣ ስትሬሊትዚያ የምትባለውን ቢጫ አበባም ፈልጉ፤ ማዳቀሉ ሃያ ዓመት ገደማ ፈጅቷል።

መስከረም ላይ መሄድ አትችሉም? ፒንኩሽኖቹ እስከ ኅዳር ይቆያሉ። በታኅሣሥና በጥር ሰማያዊው አጋፓንተስ ይፈካል። ከኅዳር ማብቂያ ጀምሮ በየእሑዱ ምሽት ሣሩ ላይ የሙዚቃ ዝግጅት አለ። ያክስቴ ልጅ ለኅዳሩ ቤተሰቡን ሁሉ ይዞ ሊመጣ ወስኗል፤ ሱቁን በዚያ ቀን ማን እንደሚይዝለት መኪና ውስጥ ሆኖ ስልክ መደወል ጀምሮ ነበር።